የማትሸጠው በግ

ለብቻ መብላት ይለመዳል ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሞክሬዋለሁ፤ ያውም በመንዝ ብርድ፣ ያውም በገዛ አፌ ባመጣሁት ጣጣ። እስከ ዛሬ ምግብ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማየው ወጡን አይደለም፤ ከማዶ የተቀመጠ ሰው መኖር አለመኖሩን ነው።

ተወልጄ ያደግሁት መርሐቤቴ ቆላ፣ ዓለም ከተማ ነው። መንግሥት ከተለወጠ አሥር ዓመት ያህል አልፎ ነበር፤ ትምህርት ቤት በየገጠሩ ይከፈታል፣ አስተማሪም እንደ ዘር በየአገሩ ይበተናል። እኔን የወረወረኝ ከዘመሮ በእግር ሁለት ሰዓት ወደምታስኬድ አንዲት ትንሽ የደጋ ከተማ ነው። ሰዉ ገና ሲያየኝ «ቆለኛዋ መጣች» አለ። ብርዱን ስለማልችለው ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ በላዩ የበግ ጠጉር ባና ተከናንቤ ነበር የማስተምረው። ልጆቹ ከኋላዬ ሲሳሳቁ እሰማለሁ፤ ዞሬ ሳፈጥባቸው ጸጥ ይላሉ። እንዲያ አድርገን ተዋወቅን።

የተከራየሁት ክፍል የአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ነበር። እማማ ነበር የምላቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ገብተው ቀርተዋል። በገባሁ በሳምንቱ ለብቻዬ ሽሮ ሳንተከትክ አዩኝና «ምን ሆነን ነው ለየብቻ የምናጨሰው? አንድ ጭስ ይበቃናል» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአንድ ትሪ በላን። ሲያጎርሱኝ እምቢ ካልኩ ይቆጣሉ፤ አንዴ ብቻ ከጎረስኩም «አንድ ያጣላል» ብለው ይደግሙኛል።

እማማ በዚህ ዓለም የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ ያለ ሰው መቀበር። መግነዣቸውን አጥበው፣ አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውታል፤ በዓመት አንዴ አውጥተው ፀሐይ ያሞቁታል። ዝናብ ይምጣ ጭቃ፣ የማንም ቀብር አይቀሩም። ሲመለሱ እግራቸውን እየታጠቡ «እኔ የማንን ቀርቼ አውቃለሁ? እነሱስ የኔን ይቀራሉ?» ይሉኛል። «ማን ይቀራል እማማ» እላቸዋለሁ። ይህን ካልሰሙ አይተኙም።

በገባሁ በሁለተኛው ዓመት የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ አንድ ጡረተኛ ከአዲስ አበባ መጡና ሰዉን ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሰበሰቡት። ነገራቸው የወጣቶቹ ነገር ነበር። አሥረኛ ክፍል ፈተና የወደቀ ልጅ መሬት የለው፣ ሥራ የለው፣ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። አንድ ክፍል ይሠራላቸው፤ መጻሕፍት ይግቡበት፤ ድጋሚ ለመፈተን የሚሻ ያጥናበት፤ የጠረጴዛ ኳስም ይኑር። «ለዚህ ሁሉ አንዴ አዋጥቶ መተው ዋጋ የለውም» አሉ ሰውየው። «ቋሚ ገንዘብ እንትከል። ዋናው አይነካም፤ የሚበላው ፍሬው ብቻ ነው።»

ነገሩ ለማንም አልገባም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «እንደ ጓሳው በሉና!» አሉ። የጓሳውን ሣር ሁሉም ያውቀዋል፤ ይከለላል፣ ጊዜው ሲደርስ ይታጨዳል፣ ሥሩ ግን አይነቀልም። ይህን ጊዜ ሁሉም ገባው። ግን ብር ባንክ አስቀምጡ ሲባሉ ሳቁ። ብር መቼ ወልዶ ያውቃል? በግ እንጂ! የቻለ ሁሉ አንዳንድ እናት በግ ለወጣቶቹ እንዲሰጥና እዚያው ቤቱ እንዲያረባት ተስማሙ። ከግልገሎቹ እኩሌታው ለሚያረባው፣ እኩሌታው ለወጣቶቹ ክፍል። በዚህ አገር የርቢ ከብት ድሮም የሚያዘው እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ተነሥተው «ጥቁሯን ሰጥቻለሁ» ያሉት እማማ ናቸው። እኔም አስተማሪ ነኝና ከማን አንሼ ብዬ አንዲት ነጭ በግ ገዝቼ ሰጠሁ፤ እማማ ግቢ ከጥቁሯ አጠገብ ታሰረች። የሁሉም በጎች ግራ ጆሮ ለምልክት ተበጣ።

አሁን ጣጣዬ ይመጣል። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ከእኔ በላይ ደንብ አዋቂ ያለ አይመስለኝም። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ተነሣሁና «ይህ ነገር በወረቀት ብቻ ከቀረ ነገ አንዱ ልጁን ሲድር አርዶ ይበላታል፤ ግዝት ይደረግበት» አልኩ። ጡረተኛው ግራ ገባቸው፤ ሰዉ ግን «እውነቷን ነው!» አለ። የዚያን ጊዜው ቄሰ ገበዝ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «ለወጣቶቹ የተሰጠችውን እናት በግ የሸጠ፣ ያረደ፣ የለወጠ በቃለ እግዚአብሔር የተወገዘ ይሁን። ከእርሱ ጋር ማዕድ የቆረሰም እንደ እርሱ ይሁን» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። የእኔ አሜን ከሁሉም በላይ የተሰማ ይመስለኛል።

አምስት ዓመት ያህል ነገሩ አማረ። ክፍሉ ተሠራ፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር። ከትምህርት በኋላ ስከፍተው ከደጁ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። አንዱ ጥግ ድጋሚ የሚፈተኑት ሒሳብ ይሠራሉ፣ በሌላው የጠረጴዛ ኳስ ይጯጯሃሉ፤ «ዝም በሉ!» እያልኩ ስጮህ የእኔ ድምፅ ከሁሉም ይበልጣል። ከፈተናው ያለፈ ልጅ ሲኖር እናቱ ለእኔ እርጎ ትልካለች። ቆለኛነቴ የተረሳው ያኔ ነው።

ችግሩ፣ በግ ብር አይደለችም። ብር ባንክ ተቀምጦ ጥርሱ አይረግፍም። የተሰጡት እናት በጎች አረጁ። አንዳንዶቹ መውለድ አቆሙ፣ አንዳንዶቹ ወልደው ወተት አጡ፤ ገብስ ጭድ እንኳ ማኘክ ተሳናቸው። ማንም ገበሬ እንዲህ ያለችውን በግ ገና ሥጋ ሳለባት ሸጦ ወጣት ይገዛበታል፤ ይህን ለመንዝ ሰው ማስተማር ለካህን ቅዳሴ እንደ ማስተማር ነው። ግን የሸጠ፣ የለወጠ ተብሏል። ስለዚህ ሰዉ የማትወልድ በግ እየቀለበ ቁጭ አለ። ስትሞትም የምትተካበት ደንብ አልነበረም፤ ግዝቱ ስለ መተካት አላለማ! ክፍሉ መጽሐፍ መግዣ አጣ፣ የመብራት ጋዝ አጣ። ልጆቹን እንዲያስጠና በክፍያ የቀጠርነው ሰውም ክፍያው ሲቋረጥ ሄደ።

«ቄሰ ገበዙ ይፍቱት» እንዳንል፣ ባለቤታቸው ሲያርፉ መንኩሰው ወደ መርሐቤቴ ወርደዋል። ያሰረ ካልፈታ ማን ይፈታል? አዲሱ ቄሰ ገበዝ «በሌላ ሰው ግዝት እጄን አላስገባም» አሉ። ከወረዳ አንድ ወጣት ካድሬ መጣና ግዝት ኋላ ቀር አስተሳሰብ መሆኑን ሁለት ሰዓት ሙሉ ገለጸልን። ሲጨርስ አንድ ገበሬ በጓን እየጎተተ አመጣና ገመዱን ዘረጋለት፤ «እንግዲያው እርስዎ ይሽጡልኝ።» ካድሬው ሰዓቱን አየ፤ ለካ ሌላ ስብሰባ ነበረበት። ከዚያ ወዲያ ሰዉ የባሰ ፈራ።

እኔ አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ። ግን ግትር ነኝ። ክፍሉ ዓይኔ እያየ ሲሞት አልቻልኩም። በግንቦት አንድ የገበያ ቀን ነጭዋን በጌን ይዤ ዘመሮ ወረድኩና ሸጬ፣ ጥቂት ጨምሬ፣ ወጣት በግ ገዛሁ። ጆሮዋን ራሴ በጥቼ አመጣኋት። መንገድ ላይ ምን አስብ እንደነበር ልንገራችሁ፤ ሰዉ የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው ይጀምረው እንጂ ሁሉም ይከተላል ብዬ ነበር።

ከእኔ ቀድሞ ወሬው ደርሷል። የማውቃት ሴት ማሰሮዋን አዝላ ስትመጣ አገኘኋትና «እንደምን ዋልሽ» አልኳት። አንገቷን ደፍታ አለፈች። በሳምንቱ ማኅበራችን ተሰበሰበ፤ ጽዋው ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ ዘለለኝና ከአጠገቤ ወዳለችው ሄደ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድቡኝ መልስ ነበረኝ፤ እኔ ለስድብ መልስ አላጣም። ዝምታን ግን በምን ይመልሱታል?

ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ይማሩ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነዋ። ወደ ወጣቶቹ ክፍል ግን አንድም አልመጣ። ቁልፉን የያዘችው ውግዝ ናት። ቁልፉን ልስጥ ብል የሚቀበለኝ የለም። እኔም እልህ ይዞኝ በየቀኑ እከፍተው ነበር። ከመጻሕፍቱ ላይ አቧራ አራግፋለሁ፣ ወንበሮቹን አስተካክላለሁ። ከዚያ የጠረጴዛ ኳሷን ግድግዳ ላይ እያነጠርኩ ለብቻዬ እጫወታለሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቆልፌ እወጣለሁ። ያዳንኩት የመሰለኝን ክፍል ባዶ ያደረግሁት እኔው ራሴ ነበርኩ።

እማማስ? እማማ አላስወጡኝም፤ አላስራቡኝምም። ምሳዬንና እራቴን በአንድ ሰማያዊ የብረት ሳህን እያደረጉ ደጄ ላይ ያስቀምጡና «መጥቷል» ብለው ይመለሳሉ። ትሪው ወደ ውጭ አልወጣም። ከግድግዳው ማዶ ለብቻቸው ሲበሉ እሰማለሁ፤ እሳቸውም የእኔን ሳህን ኳኳታ ይሰማሉ። ሁለት ጭስ አልሆንንም፣ አንድ ጭስ ነበርን፤ ግን ሁለት ብቸኛ። አንድ ቀን ተናድጄ ሳህኑን ሳልነካው መለስኩት። በማግስቱ እጥፍ አድርገው አመጡና «አንቺ ከተራብሽ እኔ አልጠግብም» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያም በላሁ።

ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ። ጥፋተኛ አይደለሁምና የማንንም ይቅርታ አልለምንም ብዬ ነበር። የገና ዕለት ግን ሰዉ ሁሉ ሲጠራራ፣ ከየቤቱ ሣቅ ሲሰማ፣ ኩራቴ አለቀ። የካቲት ላይ ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ ያሰሩኝን አባት ፍለጋ ተነሣሁ። በመኪና ከሆነ አዲስ አበባን መዞር ነው፤ ስለዚህ ገደሉን ወርጄ፣ ቆላውን በእግሬ አቋረጥኩ። ለእማማ «ማስፈቻ ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው። ደጃቸው ላይ ቆመው እስክሰወር አዩኝ።

ገዳሙ ሴት አያስገባም። ከውጭው በር አንድ የወይራ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩና ለአንድ ወጣት መነኩሴ ሁሉንም ነገርኩት። ሄዶ ተመለሰ፤ «አባ በአታቸውን ዘግተዋል፤ ሰው አያነጋግሩም» አለኝ። በመስኮት ይስሙኝ ብዬ መለስኩት። ሁለት ቀን እዚያ ዛፍ ሥር ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መልሱን ይዞ መጣ።

«አባ እንዲህ ይላሉ» አለ። «በሕዝብ ፊት ያሰርነውን የምንፈታው በሕዝብ ፊት ነው። ከበአታችን ግን እስከ ሞት ላንወጣ ቃል ገብተናል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«እንግዲያው መፍታት የማይችል እጅ ለምን ያስራል?» አልኩት። የጮህኩት በማይመለከተው ልጅ ላይ ነበር። ከዚያ ግዝቱ ይደረግ ያለችው ማን እንደነበረች ትዝ አለኝና አፈርኩ።

እግረ መንገዴን ዓለም ከተማ እናቴ ዘንድ ሁለት ቀን አረፍኩ። አልነገርኳትም። ዶሮ ሠራችልኝ፣ አጎረሰችኝ፤ ዘጠኝ ወር የሰው እጅ አፌ አልደረሰም ነበር። የማታውቀውን ዕዳ እያሸከምኳት አብሬያት በላሁ። «ምነው ከሳሽ?» አለችኝ። ብርዱ ነው አልኳት።

መንዝ የተመለስኩት ባዶ እጄን ነው። ግቢው ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የእማማን ጥቁር በግ ችካል ነው። ችካሉ አለ፣ በጓ የለችም። አጠገቡ እኔ ከገዛኋት ወጣት በግ ሌላ አንዲት የማላውቃት ጠይም በግ ታስራለች፤ ግራ ጆሮዋ ገና ደሙ አልደረቀም።

እማማ ድምፄን ሰምተው ወጡ። ትሪውን ይዘዋል። ከደጃፉ መደብ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በሚያይበት ቦታ አስቀመጡት። እንጀራው ሙሉ ነበር፤ የሁለት ሰው።

«ጥቁሯስ?» አልኩ።

«ሸጥኳት። ሐሙስ ገበያ ላይ፣ በቀትር። ሰው ሁሉ እያየኝ።»

«እማማ! ምነው? ከእኔ ጋር ለመብላት ከሆነ ቤት ውስጥ...»

«ጓዳ ገብቼ ብበላማ ሌባ ሆንኩ» አሉ። «እግዜር ጓዳ አይገባም እንዴ? ካደረጉ አይቀር በግልጥ ነው። ነይ እጅሽን ታጠቢ።»

እጄን ሲያስታጥቡኝ ውኃው እንደ በረዶ ነበር። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነገር ነው። ሣጥን ውስጥ ያለው መግነዝ ነው። ውግዝ በዕድር አይቀበርም፣ ፍትሐትም የለውም። በሕይወታቸው ሙሉ የሳሱለትን፣ ሰው የሞላበትን ቀብር በአንዲት በግ ገመድ ጎትተው ወስደው ሸጠውታል።

«እማማ፣ ቀብርዎስ?»

እንጀራውን እየጠቀለሉ ነበር። ቀና አላሉም። «አንቺ አለሽ አይደል?» አሉ። «አንቺ ትቀብሪኛለሽ። በይ አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩ። እንባዬና ወጡ አንድ ላይ ገቡ። «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ።

የቀረውን ቶሎ ልጨርሰው። እኔን ቆለኛዋን ማውገዝ ቀላል ነበር፤ የሰባ ዓመት ባልቴት የሆኑትን፣ የማንንም ቀብር ቀርተው የማያውቁትን፣ ማውገዝ ግን ለሰዉ ከበደው። በሚቀጥለው ገበያ ሦስት ሰዎች አሮጊት በጎቻቸውን ይዘው ወረዱ። ፋሲካ ሲደርስ ያልሸጠ ሰው በጣት የሚቆጠር ሆነ። ያን ጊዜ አዲሱ ቄሰ ገበዝ ደነገጡ፤ አገር ሙሉ ተወግዞ ለማን ሊቀድሱ ነው? በቅሏቸውን ጭነው ከበላይ አባቶች ዘንድ ሄዱና፣ ለካ የበላይ መፍታት ይችል ኖሯል፣ ማስፈቻ ይዘው መጡ፤ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ተነበበ። ደንቡም ተለወጠ፤ ያረጀች በግ ሰው እያየ ትሸጥና በዚያው ቀን ትተካለች። ክፍሉ እንደገና ሞላ። ልጆቹ እንደገና ጯጯሁ። እኔም «ዝም በሉ!» ማለት ጀመርኩ፤ ጽዋውም ተራዬን አይዘልም። ግን ሰው መሐል ተቀምጬ ለምን እንደሚበርደኝ አላውቅም ነበር። ከእማማ ትሪ በቀር የማንም ማዕድ እንደ ድሮው አልጣመኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ እናቴ ታመመችና ዝውውር ጠይቄ ወደ ዓለም ከተማ ተመለስኩ። እማማን ስሰናበት ስለ ቀብር ምንም አላነሡም። እኔም አላነሣሁም። ዓመት ሳይሞላ፣ በነሐሴ፣ ወንዙ ሞልቶ ቆላው በማይሻገርበት ሰሞን አረፉ። ስልኩ የተደወለልኝ ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው።

የደረስኩት ለአርባቸው ነው። ቀብራቸውን ሰዉ ሁሉ እየተሻማ ነገረኝ። ከሦስት አጥቢያ ሰው መጥቷል፤ የወጣቶቹ ክፍል ልጆች ቃሬዛውን ለማንም አልሰጥ ብለው በጭቃው ውስጥ ተሸክመዋቸዋል። መግነዙም ያው ፀሐይ ሲሞቅ የኖረው ነው። «ማንም አልቀረ» አሉኝ። የቀረሁት እኔ ብቻ መሆኔ ገብቷቸው ይሆን?

ከተዝካሩ ሸሽቼ ወደ ግቢያቸው ሄድኩ። ሰማያዊው ሳህን ከዶሮዎቹ ፊት ተደፍቶ አገኘሁት፤ ማስፈቻው በተነበበ ማግስት እሳቸው ራሳቸው ናቸው ለዶሮ የጣሉት። አንሥቼ በቀሚሴ ጠረግሁትና ይዤው መጣሁ። ዛሬ እናቴም ከሞተች ቆይታለች። እራቴን የምበላው በእሱ ነው። ሁለተኛውን ጉርሻ የሚያጎርሰኝ የለም።